ከስናፕሾት የተመለሰ ቮልዩም ማውንት አልሆን አለኝ (ፖስትግሬስ፣ 500 ጊጋባይት)

ሜክሲኮ_ዴቭ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

ሰላም ቤተሰብ። ቸኩያለሁና በቀጥታ ልግባ።

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ለመድኃኒት ቤቶች የዋጋና የክምችት ሲስተም እናቀርባለን። ደንበኞቻችን በብዛት ተክለ ሃይማኖትና ጥቁር አንበሳ አካባቢ ናቸው። ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የዋጋ ሰንጠረዡ ላይ «ዌር» (የትኛው ረድፍ ይቀየር የሚለው) የሌለው «አፕዴት» (የማዘመኛ ትእዛዝ) ተላከና የሁሉም መድኃኒት ዋጋ አንድ ዓይነት ሆነ። ሽያጩ ግን አልቆመም። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበ ብዙ ሽያጭ አለ። እሱ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። አማዞን ላይ፣ 500 ጊጋባይት የኢቢኤስ ቮልዩም (የአማዞን ክላውድ ዲስክ) ላይ ተቀምጧል። ፋይል ሲስተሙ (ዲስኩ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት መንገድ) ኤክስኤፍኤስ ነው። በየቀኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስናፕሾት (የዲስኩ የቅጽበት ቅጂ) ይወሰዳል። ከዛሬ ሌሊቱ ስናፕሾት አዲስ ቮልዩም ፈጠርኩና እዚያው ሰርቨር ላይ አታች አደረግኩት (አገናኘሁት)። ማውንት ላድርግ (ፋይሎቹን ልክፈት) ስል ግን «የፋይል ሲስተሙ ዓይነት የተሳሳተ ነው ወይም ሱፐርብሎኩ ተበላሽቷል» ይለኛል።

ስናፕሾቱ ተበላሽቷል ማለት ነው? መድኃኒት ቤቶቹ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይከፍታሉ።

የሌሊት_ተረኛ · ከምሽቱ 3:05

አይዞህ ወንድሜ፣ አልተበላሸም። የከርነሉን ሎግ (የሲስተሙን መዝገብ) ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ እየው። «ተመሳሳይ ዩዩአይዲ ያለው ፋይል ሲስተም ቀድሞ ተከፍቷል» የሚል መስመር ታገኛለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስናፕሾት ዲስኩን ብሎክ በብሎክ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ የፋይል ሲስተሙ መለያ ቁጥርም (ዩዩአይዲው) አብሮ ይቀዳል። ዋናው ቮልዩም እዚያው ማሽን ላይ ተከፍቶ እያለ ቅጂውን ለመክፈት ስትሞክር ኤክስኤፍኤስ አንድ መለያ ያላቸው ሁለት ዲስኮች ያይና እምቢ ይላል። የሚያሳስተው የመልእክቱ አጻጻፍ ነው። ሱፐርብሎክ የሚል ቃል ሲያይ ማንም ይደነግጣል።

መፍትሔው ማውንት ስታደርግ «ኖዩዩአይዲ» የሚለውን አማራጭ መጨመር ነው። ወዲያው ይከፍትልሃል።

ቅጂው አታች እንደሆነ ግን ያንን ሰርቨር ሪቡት እንዳታደርገው። አንድ መለያ ያላቸው ዲስኮች አብረው ካሉ ማሽኑ ሲነሳ የትኛውን እንደሚከፍት እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የሩት ዲስክ (ሲስተሙ የሚነሳበት ዲስክ) ቅጂ ሲሆንማ ሲስተሙ ከአሮጌው ቅጂ ተነስቶ ቁጭ ይላል፤ ሰው ደግሞ የትናንት ዳታ ላይ እየሠራ መሆኑን ሳያውቅ ይውላል።

ጋሽ_ሰርቨር · ከምሽቱ 3:20

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ቆም በል። የሌሊት ተረኛ ያለው ልክ ነው፣ ግን እዚያ ማሽን ላይ ጨርሶ ባትከፍተው ነው የምመርጠው።

መጀመሪያ የዋናውን ቮልዩም ስናፕሾት አሁን ውሰድ። አዎ፣ የተበላሸውን። ዋጋው ተበላሽቷል እንጂ የከሰዓቱ ሽያጭ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ዛሬ ሌሊት አንድ ነገር ቢሳሳት የምትመለስበት ቦታ ያስፈልግሃል። ስናፕሾት የሚይዘው በጀመረበት ቅጽበት የነበረውን ነው። «በሂደት ላይ» የሚለው እስኪያልቅ መጠበቅ የለብህም። በኋላ የሚጻፈው አይገባበትም፤ እስከዚያ የተጻፈው ግን ተይዟል።

ከዚያ ቅጂውን ከሰርቨሩ ንቀልና ሌላ ማሽን አስነሳ። ማሽኑ ቮልዩሙ ካለበት አቬይለቢሊቲ ዞን (ሪጅን የሚባለው የአማዞን አካባቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል) ውስጥ መሆን አለበት። የኢቢኤስ ቮልዩም ከዞኑ አይወጣም። በሌላ ዞን ከፈጠርከው ከስናፕሾቱ እንደገና መፍጠር ነው፤ ስናፕሾቱ የሪጅኑ ስለሆነ በየትኛውም ዞን ይሆናል።

ማሽኑን ስታስነሳ ደግሞ ዋናው ሰርቨር የተነሳበትን ኢሜጅ (የሲስተሙን አብነት) ተጠቀም። ፖስትግሬሱም ያው ዋና ቨርዥን ይሁን። 14ን በ16 መክፈት አይቻልም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፖስትግሬስ ጽሑፍን በቅደም ተከተል የሚደረድርበትን ሕግ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቨርዥን 2.28 ያንን ድርደራ ቀየረው። አሮጌ ሲስተም ላይ የተሠራ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) አዲስ ሲስተም ላይ ሲከፈት ምንም ስህተት ሳያሳይ ያለውን መድኃኒት «የለም» ሊልህ ይችላል። ስህተት ቢያሳይ ይሻል ነበር።

ሲከፈት የዋጋ ሰንጠረዡን ብቻ በፒጂ ዳምፕ (ዳታ ወደ ፋይል በሚያወጣው የፖስትግሬስ መሣሪያ) አውጣ። ወደ ዋናው ዳታቤዝ በሌላ ስም አስገባው። አወዳድር። ልክ መሆኑን በዓይንህ ስታይ ብቻ ዋጋውን አዘምን። ዋናውን ቮልዩም በቅጂው መተካት የለም። አለበለዚያ የከሰዓቱ ሽያጭ ይሄዳል።

ሜክሲኮ_ዴቭ · ከምሽቱ 4:35

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉትን አደረግኩ። አዲሱ ማሽን ላይ ሌላ የተከፈተ ስለሌለ ያለ ምንም አማራጭ ማውንት ሆነ። ፖስትግሬስም ሪከቨሪውን ጨርሶ ተነሳ።

ግን በጣም ይንቀራፈፋል። አንድ ተራ ጥያቄ ጠይቄው ደቂቃ ሙሉ ጠበቅኩ። ዋናው ላይ ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚመልሰው። ቮልዩሙ ጂፒ3 (አንዱ የኢቢኤስ ዓይነት) ነው። አዮፕሱን (በሰከንድ የሚያነብና የሚጽፍበትን ብዛት) ልጨምርለት?

ዳታ_ጠባቂዋ · ከምሽቱ 4:50

አዮፕስ አይደለም፣ ብሩን አታባክን።

ከስናፕሾት የተፈጠረ ቮልዩም «ዝግጁ» ሲልህ ዳታው በሙሉ ዲስኩ ላይ አለ ማለት አይደለም። ስናፕሾቱ የተቀመጠው ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) ላይ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ ነው ከዚያ የሚመጣው። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ዕቃው ሁሉ መጋዘን ያለ የመርካቶ ሱቅ አስብ። ደንበኛ በጠየቀ ቁጥር ልጁ ሮጦ ያመጣል፤ አንዴ የመጣው ዕቃ ግን መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ያንኑ ጥያቄ ደግመህ ብትጠይቀው ቶሎ የሚመልስልህ።

የተለመደው ምክር ዲስኩን በሙሉ ዲዲ ወይም ፊዮ በሚባሉ መሣሪያዎች አንዴ ማንበብ ነው። ላንተ ግን አይመከርም። ጂፒ3 ካልጨመርክበት በሰከንድ 125 ሜቢባይት ነው። 500 ጊጋባይቱን ለማንበብ ሁሉም ነገር በጀ ቢል እንኳ ከ1 ሰዓት በላይ ነው። በተግባር ከኤስ3 ስለሚመጣ ከዚያም ይረዝማል። አንተ የምትፈልገው አንድ ሰንጠረዥ ነው። ፒጂ ዳምፕ ደግሞ የሰንጠረዡን ብሎክ አንዴ ብቻ ያነባል፤ ስለዚህ ቀድሞ ሁሉን ማንበብ ትርፍ ሥራ ነው። ዳምፑን በቀጥታ ጀምረው፣ ከዚያ ጠብቅ። ሌላ ጥያቄ እየጠየቅክ አታጨናንቀው።

ሰንጠረዡ ስንት ነው? በፒጂ ሪሌሽን ሳይዝ እየውና ንገረን።

የሌሊት_ተረኛ · ከምሽቱ 4:55

ዳምፑን ቲሙክስ (ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራውን የሚያስቀጥል ፕሮግራም) ውስጥ ጀምረው። ቤት ሆነህ ከሆነ መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ኢንተርኔቱም ሊቆረጥ ይችላል። ኤስኤስኤቹ (ከሰርቨሩ ጋር ያለህ ግንኙነት) ሲበጠስ ዳምፑም አብሮ እንዳይሞት። ፋይሉም እዚያው ክላውዱ ውስጥ ይቆይ፤ ወደ ላፕቶፕ አውርዶ መልሶ መጫን አያስፈልግም።

ሜክሲኮ_ዴቭ · ከምሽቱ 5:02

ከነኢንዴክሱ 6 ጊጋባይት፣ ሰንጠረዡ ብቻውን 2 ጊጋባይት። ቲሙክስ ውስጥ ጀምሬዋለሁ።

ፋስት ስናፕሾት ሪስቶር (ፈጣን የስናፕሾት መመለሻ) የሚባል ነገር ኮንሶሉ ላይ አየሁ። አሁን ባበራው ይጠቅመኛል?

ዳታ_ጠባቂዋ · ከምሽቱ 5:15

ለዛሬ አይጠቅምህም። ሁለት ምክንያት አለኝ። ስናፕሾቱን ለማዘጋጀት ለ1 ቴቢባይት 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ ላንተ ግማሽ ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ደግሞ የሚሠራው ከተዘጋጀ በኋላ ለሚፈጠር አዲስ ቮልዩም ነው። የፈጠርከው አይፈጥንም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። በቨርጂኒያ ሪጅን ለአንድ ስናፕሾት በአንድ ዞን በሰዓት 0.75 ዶላር ነው። ወር ሙሉ ከበራ 540 ዶላር ይመጣል። በዛሬው ምንዛሪ ምን ያህል ብር እንደሚሆን አንተው አስላው። ማጥፋት የረሱ ሰዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ሌላ አማራጭ መጣ። ቮልዩሙን ስትፈጥር «በሰከንድ ይህን ያህል እያመጣህ ሙላው» ብለህ ፍጥነቱን ትወስናለህ፤ ከ100 እስከ 300 ሜቢባይት። በ300 ከሆነ 500 ጊጋባይቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ለድንገተኛ ነገር እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ለአንድ ቮልዩም አንዴ ትከፍላለህ፣ አለቀ። ዋናውን ቮልዩም በሙሉ መተካት ሲኖርብህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው የተጫነበት ዳታቤዝ በባዶ መደርደሪያ ሥራ ከጀመረ ጠዋቱን ሙሉ ስልክ ሲጮህ ይውላል።

ኦፕንስታክ_አራት_ኪሎ · ከምሽቱ 5:30

ጣልቃ ልግባ። እኛ የራሳችን ኦፕንስታክ (በራስ ሰርቨር የሚተከል ክላውድ) አለን። ሲንደር (የሱ የዲስክ ክፍል) ላይ «ሪቨርት ቱ ስናፕሾት» አለ። ከፓይክ ቨርዥን ጀምሮ ያለ ነው። ቮልዩሙ ራሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አዲስ መፍጠር፣ አታች ማድረግ፣ ዩዩአይዲ ምናምን የለም። ከስር ሴፍ (በብዙ ሰርቨር የተሰራጨ ማከማቻ) ስላለም ከስናፕሾት አዲስ ቮልዩም ብፈጥር ያን ያህል አይንቀራፈፍም፤ ዳታው እዚያው ክላስተር ውስጥ ነው።

ጋሽ_ሰርቨር · ከምሽቱ 5:45

ወዳጄ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ለዚህ ልጅ ችግር መርዝ ነው። ሪቨርት ማለት ከስናፕሾቱ በኋላ የተጻፈውን መሰረዝ ነው። የሱ ደንበኞች ቀኑን ሙሉ ሸጠዋል። ደግሞ ሪቨርት የሚሆነው ወደ መጨረሻው ስናፕሾት ብቻ ነው። ጋሻ ይሆነኛል ብለህ ከጥፋቱ በኋላ አንድ ስናፕሾት ከወሰድክ «መጨረሻው» እሱ ሆነ። ወደ ሌሊቱ መመለስ ከፈለግክ እሱን መሰረዝ ሊኖርብህ ነው። ተደናግጦ ባለ ሰው እጅ ይህ አደገኛ ነው።

ሌላም ልጨምር። ዳታው እዚያው ክላስተር ውስጥ መሆኑ ለፍጥነት ጥሩ ነው፣ ለደኅንነት ግን አይደለም። ክላስተሩ ከወደቀ ስናፕሾቱም አብሮ ይወድቃል። ሲንደር ባክአፕ ወደ ሌላ ማከማቻ ትልካላችሁ?

ኦፕንስታክ_አራት_ኪሎ · ከምሽቱ 5:58

በሳምንት አንዴ፣ ሌላ ሕንጻ ላይ ወዳለ ማከማቻ። በየቀኑ እንዲሆን ጠይቄያለሁ፣ የዲስክ ግዢው ነው ያዘገየው። ጋሼ ያሉትን ለአለቃዬ በቀጥታ አስተላልፋለሁ።

ሜክሲኮ_ዴቭ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:25

ቤተሰብ፣ ተሳክቷል!

ዳምፑ ሳይቆረጥ አለቀ። ዋናው ዳታቤዝ ላይ «ዋጋ_ሌሊት» በሚል ስም አስገባሁትና ከአሁኑ ጋር አወዳደርኩ። አንድ ክፍተት ነበር፤ ከሌሊቱ 9 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ በትክክል የተቀየሩ ዋጋዎች ስናፕሾቱ ውስጥ የሉም። ደግነቱ የሽያጭ ሰንጠረዡ እያንዳንዱ ሽያጭ በስንት እንደተሸጠ ይይዛል። ጠዋት የተቀየሩትን ከዚያ ለቀምኳቸው። ቀን ያልተሸጡ ግን ዋጋቸው የተቀየረ ጥቂት መድኃኒቶች ቀርተዋል። ለእነሱ ለየመድኃኒት ቤቱ ደውለን እናረጋግጣለን።

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁን ጥያቄዬ ይህ ክፍተት ነው። ስናፕሾቱን በየሰዓቱ ባደርገው ይፈታል?

ዳታ_ጠባቂዋ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:10

እሰይ! ደስ ብሎኛል።

በየሰዓቱ ማድረግ ክፍተቱን ያጠብባል እንጂ አይዘጋውም። የሚዘጋው የዋል ፋይሎችን ማስቀመጥ ነው። ፖስትግሬስ የሚያደርገውን ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ ዋል ላይ ይጽፋል። እነዚያን ፋይሎች በተከታታይ ወደ ኤስ3 ከላክሃቸው፣ የሌሊቱን ስናፕሾት መነሻ አድርገህ እስከፈለግከው ደቂቃ ድረስ ማጫወት ትችላለህ። ትናንት ይህ ቢኖር «እስከ 9:59 አምጣልኝ» ትለው ነበር። አንድም መድኃኒት ቤት ጋ መደወል አያስፈልግም ነበር።

ለዚህ ግን ስናፕሾቱ በወጉ መወሰድ አለበት። ከመጀመሩ በፊት ፒጂ ባክአፕ ስታርት፣ ካለቀ በኋላ ፒጂ ባክአፕ ስቶፕ የሚሉትን ትእዛዞች ስጥ። ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ ስማቸው ይህ ነው፤ በድሮው ስም የተጻፈ ስክሪፕት አይሠራም። ሁለቱም በአንድ ያልተዘጋ ኮኔክሽን ላይ መሆን አለባቸው። ስቶፕ የሚመልስልህን የሌብል ጽሑፍም አስቀምጠው፤ ሲመለስ ዳታ ዳይሬክተሪው ውስጥ ፋይል ሆኖ መግባት አለበት።

የትናንቱ ያለዚህም የተነሳው ዳታውም ዋሉም አንድ ቮልዩም ላይ ስለሆኑ ነው። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ እንደሚነሳው ተነሳ። ዋሉን ሌላ ቮልዩም ላይ ካደረግክና ሁለቱን ለየብቻ ስናፕሾት ከወሰድክ ግን ጊዜያቸው አይገጥምም፣ ዳታቤዙም ላይነሳ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የኢንስታንሱን (የማሽኑን) ቮልዩሞች በአንድ ቅጽበት የሚይዘውን ባለብዙ ቮልዩም ስናፕሾት ተጠቀም።

የሌሊት_ተረኛ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40

እኔ የሰዓቱን ነገር ልጨምር፤ እዚህ አገር ሁሌ የማየው ነው።

የስናፕሾት ፕሮግራሙ የሚሠራው በዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ነው። እኛ ከሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። አንድ ኃላፊ «ሌሊት 9 ሰዓት ይወሰድ» ብሎ ይጽፋል፣ ሠራተኛው 09:00 ብሎ ይሞላል። 09:00 ዩቲሲ ግን በኛ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ ሥራ የጦፈበት ሰዓት። ሌሊት 9 ከፈለግክ የምትሞላው 00:00 ነው። ስናፕሾትህ መቼ እንደተወሰደ ኮንሶሉ ላይ እየው። ዝርዝሩ የሚያሳየው በየትኛው ሰዓት እንደሆነም አረጋግጥ። ያለዚያ ከጥፋቱ በፊት የተወሰደ የመሰለህ ከጥፋቱ በኋላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አውቶማቲክ ፕሮግራሙም ባልከው ደቂቃ ላይ አይጀምርም፤ ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

ጋሽ_ሰርቨር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ስናፕሾቶችህ የተመሰጠሩ ናቸው?

ከሆኑ ቁልፉን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ እወቅ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወጪ እንቀንስ ተብሎ «የማይሠራባቸው» ቁልፎች ይሰረዙ ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ። ቁልፉ ሲሰረዝ በሱ የተመሰጠረ ስናፕሾት ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ግን አይከፈትም። ማንም አይከፍተውም፣ አማዞንም ጭምር። እንደ ዕድል ስረዛው ወዲያው አይፈጸምም፤ ከ7 እስከ 30 ቀን መጠበቂያ አለው። እነሱም በዚያ ውስጥ ደርሰው ስረዛውን አስቀሩት። አንድ ቁልፍ በወር 1 ዶላር ነው። ለ1 ዶላር ሲባል የዓመታት መዝገብ ሊጠፋ ነበር።

ሪሳይክል ቢንም አብራ። የተሰረዘ ስናፕሾት ከ1 ቀን እስከ 1 ዓመት እንዲቆይ ማድረግ ትችላለህ። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚሰርዘው የሚያስፈልገውን ነው።

ሜክሲኮ_ዴቭ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:05

የተመሰጠሩ ናቸው። ቁልፉን ማን እንደሚያስተዳድር ግን ቢሮው ውስጥ የሚያውቅ አጣሁ። አሁን እየተከታተልኩት ነው።

ሌላ ጥያቄ። ስናፕሾት የምናቆየው 30 ቀን ነው። የሒሳብ ክፍሉ የሰኔ 30ን ይፈልጋል፣ የሚጠይቁት ግን ነሐሴ ላይ ነው። ሁሉንም ዓመት ሙሉ ላቆይ?

ዳታ_ጠባቂዋ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:15

ሁሉንም አይደለም። የሰኔ 30ን ሌሊት ለብቻ ውሰድና አርካይቭ (ርካሽ የረጅም ጊዜ ማከማቻ) ውስጥ አስገባው። መደበኛው በጊጋባይት በወር 0.05 ዶላር ገደማ ነው፣ አርካይቭ 0.0125። ሁለት ነገር ግን እወቅ። መደበኛ ስናፕሾት የተለወጠውን ብሎክ ብቻ ነው የሚይዘው፤ አርካይቭ ሲገባ ግን ሙሉ ቅጂ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ለውጥ ብቻ ያለበትን እዚያ ማስገባት ጭራሽ ሊያስወድድብህ ይችላል። ዝቅተኛው ክፍያም የ90 ቀን ነው። ደግሞ ለመመለስ እስከ 72 ሰዓት ይወስዳል። ለሒሳብ ክፍል ችግር የለውም፤ እንደ ትናንቱ ላለ ሌሊት ግን አይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ አንድን ስናፕሾት መሰረዝ ሌሎቹን አያበላሽም። ሌሎቹ የሚፈልጉት ብሎክ ይቆያል። ብዙ ሰው «የመጀመሪያው ሙሉ ነው፣ እሱ ከተሰረዘ ሰንሰለቱ ይበጠሳል» ብሎ ይፈራል። ኢቢኤስ ላይ እንደዚያ አይሠራም።

የሌሊት_ተረኛ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

የትናንቱን ማሽንና ቅጂ አጠፋሃቸው? ጂፒ3 500 ጊጋባይት በወር 40 ዶላር ገደማ ይበላል፤ ኢንስታንሱን ማጥፋት ብቻ ደግሞ ለብቻው አታች የተደረገን ቮልዩም አያጠፋም። ገንዘቡ ብቻም አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሕመምተኛ ስም ያለበት ቅጂ ማንም በማያየው ሰርቨር ላይ ተረስቶ መቅረት የለበትም።

ሜክሲኮ_ዴቭ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

ማሽኑ ጠፍቷል፤ ቮልዩሙ ግን እንዳልከው ቀርቶ ነበር፣ አሁን ሰረዝኩት። ትናንት ማታ የወሰድኩትን የተበላሸውን ስናፕሾት ግን የቀሩት ዋጋዎች ተረጋግጠው እስኪያልቁ አቆየዋለሁ። ቁልፉም ተገኝቷል። የቀድሞ ባልደረባችን አካውንት ብቻ ነበር የማስተዳደር ፈቃድ ያለው፤ ወደ ሁለት ሰው አዛወርነው። የዋሉን ነገር ነገ ጠዋት እጀምራለሁ፤ ሪስቶሩን ሞክሬ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።